የእትዬ ሞተር ጆሮ

ስልከኛዋ ባሏን ካገባች አራት ዓመት ሆኗታል፤ በአራቱም ዓመት አንድ ነገር ጫማ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ሲቆረቁራት ኖሯል። ሰውየው ይጮኻል። ተቆጥቶ አይደለም፤ ቁጣ እንኳን አያውቅበትም። «ጨው አቀብዪኝ» ሲል ይጮኻል፣ «ናፍቀሽኛል» ሲልም ይጮኻል፤ ይህችኛዋን ሲላትማ ከግድግዳው ማዶ ያሉት ጎረቤት ሳላቸውን ገታ ያደርጋሉ። ደግሞ ከመናገሩ በፊት ትከሻዋን ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል፤ ሰውነቷ በር ይመስል ያንኳኳል።

እሷ የምትሠራው ጥሪ ማዕከል ውስጥ ነው። ቀኑን ሙሉ ማዳመጫ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ የማታውቀው ሰው ስድብ ሲያወርድባት «እንዴት ልርዳዎት?» እያለች ድምፅዋን እንደ ሐር ስታለሰልስ ትውላለች። ወጧም እንጀራዋም ጆሮዋ ነው። ማታ ቤቷ ስትገባ የሚያምራት ጸጥታ ብቻ ነበር፤ ያገባችው ግን ድምፅ ማጉያ ሆነ።

እናም አንድ ጊዜ ሁለቱም ሰኞን ፈቃድ ጠይቀው ቅዳሜና እሁድን አስረዘሙና ባሏ ወዳደገበት ከተማ ተሳፈሩ። እናቱ የሞተችው ገና አራት ዓመቱ ሳለ ነው፤ ያሳደገችው አክስቱ፣ የእናቱ ታላቅ እህት ናት። እሱ «እቴቴ» ይላታል። ከተማው ደግሞ «እትዬ ሞተር» ይላቸዋል፤ የከተማውን ውሃ ከጉድጓድ ወደ ኮረብታው ታንከር የሚገፋውን ሞተር ሠላሳ ዓመት የያዙት እሳቸው ናቸው።

አውቶቡሱ እንደተነሳ ባሏ ትከሻዋን መታ መታ አደረገ።

«ሰኞ እቴቴን የጆሮ ምርመራ ያደርጉላታል» አላት። «ሞተር ላይ የሚሠራ ሁሉ ይመርመር የሚል ደብዳቤ መጥቷል። ያልሰማ ይሰናበታል።»

«ይሰማሉ ታዲያ?»

«ከእቴቴ የበሩ ማጠፊያ የተሻለ ይሰማል።»

«ከተሰናበቱስ?»

«ቤቱም የመሥሪያ ቤቱ ነው። ሥራውም ቤቱም ባንድ ቀን ይሄዳል። ግን አትጨነቂ፣ ዘዴ አለኝ!» ብሎ ጮኸ። ዘዴ እንዳለው አውቶቡሱ በሙሉ አወቀ።

ስልከኛዋ መስኮቱን እያየች ያላት አንድ ክፍልና አንዲት ጠባብ ሳሎን ብቻ መሆኑን አሰበች። እዚያች ሳሎን ውስጥ ሁለተኛ ድምፅ ማጉያ ሲገባ ታያት። በሐሳቧ አፈረች፤ አፍራም ግን ማሰቧን አላቆመችም።

የእትዬ ሞተር ቤት ከሞተር ቤቱ ሃያ እርምጃ አይርቅም። በሩን ለማንኳኳት እጇን ስታነሳ ባሏ ያዛትና ከበሩ ጎን ያለውን ማብሪያ አሳያት። ሦስት ጊዜ አበራ፣ አጠፋ። ውስጥ የተሰቀለው አምፖል ብልጭ ድርግም ሲል በሩ ተከፈተ። እዚህ ቤት እንግዳ የሚያንኳኳው በመብራት ነው። መደርደሪያው ላይ በየሳህኑ መካከል ጨርቅ ገብቷል፣ እንዳይንቀጫቀጭ። የመስኮቱ ጠርዝ በአሮጌ ጎማ ቁራጭ ታፍኗል። ጠረጴዛው ላይ ያለው ብርጭቆ ውስጥ ውሃው ያለማቋረጥ ክብ ክብ ይሠራል። የሞተሩ ጉምጉምታ ከወለሉ ተነስቶ በእግር ይገባና ጥርስ ላይ ይቆማል።

እትዬ ሞተር አጭርና ጠንካራ ሴት ናቸው። መዳፋቸው ሰፊ ነው፤ ሲስሟት ሁለቱንም መዳፍ ጀርባዋ ላይ አሳርፈው ቆዩ፣ የሆነ ነገር የሚያነቡ ይመስል። ወንድማቸው ጋሼ ጎማም አሉ፤ ዕድሜ ልካቸውን የጭነት መኪና ነድተው አሁን ጡረታ የወጡ፣ ቀልድ ካልተናገሩ ምሳ የማይወርድላቸው ሰው ናቸው። ምሳ ቀረበ። ጩኸቱም ቀረበ።

«ይቺን ልጅ ከየት ነው ያመጣሃት?!» አሉ እትዬ ሞተር፣ ጠረጴዛው እስኪዘል።

«አፏን እንኳን አትከፍትም እኮ!» አሉ ጋሼ ጎማ በእጃቸው ወደሷ እየጠቆሙ። «አንተ እንዴት ብለህ ነው ከሷ ጋር የምትኖረው?!»

«እኔም አላውቅም!» ብሎ ጮኸ ባሏ።

«እኔ ብሆን...» ጋሼ ጎማ ቡጢያቸውን ጠረጴዛው ላይ አሳረፉ። የቀረውን ሞተሩ ዋጠው።

ስልከኛዋ ሁለት ጉርሻ እንደምንም ዋጠችና ተነስታ ወደ መኝታ ክፍል ገባች። ሻንጣዋን ሳበች። ገና እግሯን ሳታሳርፍ የባሏ ዘመዶች ፊት ለፊቷ ሲጨቃጨቁባት! ያጣጠፈችውን ሸሚዝ እንደገና እያጣጠፈች «ደግሞ እሱም! ‹እኔም አላውቅም› ይላል!» ስትል፣ ሞተሩ ቀጥ አለ። ቀትር ላይ ግማሽ ሰዓት ያርፋል። ጸጥታው እንደ ብርድ ልብስ ቤቱ ላይ ወደቀ። ሰዎቹ ግን ጩኸታቸውን አላወረዱም።

«እኔ ብሆን እንዲህ ያለች ልጅ ሳገኝ መኪናዬን ሸጬ እቤቴ ነበር የምቀመጠው!» ይላሉ ጋሼ ጎማ። «ጨዋነቷ!»

«ድምፅዋ ራሱ ይጣፍጣል!» ይላሉ እትዬ ሞተር።

«አንቺ የት ሰማሽው?!»

«አልሰማሁትም፤ ሰላም ስላት በጀርባዋ መጣልኝ! ምነው ቆየች፣ ምግቡ አልተስማማትም?!»

ስልከኛዋ ሸሚዙን ይዛ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች፤ ሳቋ መጣ፣ እንባዋም መጣ፣ የትኛው እንደቀደመ አታውቅም። አራት ዓመት ሙሉ «ምነው ሳትጮህ ብትናገር» ያለችው ባሏ ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ሞተርን በጩኸት እየበለጠ ያደገ ልጅ ነበር። ትከሻ መምታቱም ሌላ አይደለም፤ በስም ቢጠራ የሚሰማው በሌለበት ቤት ሰው የሚጠራው እንደዚያ ነው። ሻንጣዋን ወደ አልጋው ሥር ገፍታ ወጣች።

እሁድ ጠዋት ባሏ ልጅነቱን ሊያስጎበኛት ይዟት ወጣ። ኮረብታው ላይ ያለውን ታንከር አሳያት። በግድግዳው ላይ ቁመቱ በየዓመቱ በምስማር ተጭሯል፤ እቴቴ ታንከሩን ልታይ ስትወጣ እግረ መንገዷን እሱንም ትለካው ነበር። ከሞተር ቤቱ የሚወጣውን ወፍራም ቧንቧ አሳያት፤ ትኩሳት ሲይዘው ጉንጩን የሚያሳርፍበት ቀዝቃዛ ትራስ ነበር። የተማረበትን ትምህርት ቤት በአጥር ቀዳዳ አሳያት።

«ከዚያ ክፍል በቀን ሁለቴ ያስወጡኝ ነበር» አላት።

«ምን አጥፍተህ?»

«መልስ መልሼ። ‹ሁለት ሲደመር ሁለት?› ሲሉኝ፣ አራት መሆኑን ጎረቤት ክፍል ያሉትም ይማሩ ነበር።»

ከዚያ ወደ ሞተር ቤቱ ገቡ። እትዬ ሞተር በሥራ ላይ ናቸው። ስልከኛዋ ሰውን ጆሮ የሚያስይዘውን ጩኸት በሁለት እጇ እየተከላከለች ግድግዳውን ተጠግታ ቆመች፤ የሴትየዋን ታሪክ ባሏ በጆሮዋ እየጮኸ የነገራት እዚያው ነው። ይህን ታሪክ ሰው ቀስ ብሎ ሊናገረው አይችልም፤ ሞተሩ ባይኖርም ያስጮኻል።

እትዬ ሞተር እዚህ ቤት የገቡት በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው፣ ባልዲና መጥረጊያ ይዘው፣ ለጽዳት ነው። ያኔ ባለሙያ የሚባል ሰው ነበር፤ የምስክር ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይውላል፣ ባለቤቱ ደግሞ መጠጥ ቤት ተሰቅሎ ይውላል። ወለል ጠራጊዋ ወለል ስትጠርግ እጇን ቧንቧው ላይ ታሳርፋለች። አንድ ቀን ቧንቧው ሌላ ሆነባት፤ ያለከልካል። ወደ ባለሙያው ሰው ብትልክ የለም። በገዛ እጇ ሞተሩን አቆመች። ሲፈቱት መሽከርከሪያው ኩሽኔታ ተሰባብሮ ተገኘ፤ ሩብ ሰዓት ቢቆይ ከተማው ወር ሙሉ ውሃ አያይም ነበር። ታዲያ ምን ተደረገ? ሽልማት? ሹመት? ባለሙያው ሲጠፋ እሷ እንድትይዘው በቃል ተነገራት። በቃል! እንዲህ ሆና አሥራ አንድ ዓመት ሞተሩን ስትነዳ መዝገቡ ላይ «ጽዳት» ነበር የሚላት። አሥራ አንድ ዓመት የከተማውን ውሃ ኮረብታ ላይ የምትገፋው በመጥረጊያ ይመስል! በኋላ ባለሙያው ሲሞት «ረዳት» አሏት። የማን ረዳት? ከእሷ በላይ የቀረው ግድግዳው ላይ ያለው ወረቀት ብቻ ነው።

ደግሞ አሠራራቸውን ተመልከቱ። እትዬ ሞተር እጃቸውን ቧንቧው ላይ አሳርፈው እስከ ሠላሳ ሳይቆጥሩ ሞተር አስነስተው አያውቁም። ቫልቭ ሲከፍቱ መጀመሪያ ለሆስፒታሉ፣ ቀጥሎ ለትምህርት ቤቱ፣ ቀጥሎ ውሃ ሁልጊዜ ለሚደክምበት ለላይኛው ሰፈር ነው። የራሳቸው ቤት ቧንቧ ከሁሉ መጨረሻ ነው። ሃያ እርምጃ ርቀው እየኖሩ ውሃ በጎደለ ወር ባልዲ ይዘው ከሰው ኋላ ይሰለፋሉ። «ከራስ በላይ ነፋስ» የሚለውን ተረት አልሰሙትም፤ ምናልባት እሱንም ሞተሩ ሸፍኖባቸው ይሆናል።

የጆሮ መሸፈኛ ሦስት ጊዜ በጽሑፍ ጠይቀዋል። ለመጀመሪያው «በጀት ሲፈቀድ» ተባለ። ለሁለተኛው «ጥጥ ይጠቀሙ» ተባለ። ለሦስተኛው መልስ አልመጣም፤ መልስ ሰጪው ደንቁሮ መሆን አለበት። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ የእትዬ ሞተር ጆሮ ግን ባዳ የሆነው ለመሥሪያ ቤቱ ነው። ያደነቆራቸው መሥሪያ ቤት ነው አሁን «ካልሰማሽ ውጪ» የሚላቸው። እፍረት የሚባል ነገር ከመጋዘን አልቆ ይሆን?

እትዬ ሞተር የስልከኛዋን እጅ ከጆሮዋ ላይ አወረዱና ቧንቧው ላይ አሳረፉት። መጀመሪያ ብርድ ብቻ ነበር። ቀጥሎ ከብርዱ ሥር አንድ የማይዛነፍ ትንፋሽ መጣላት፤ ከዚያም በትንፋሹ ውስጥ ሌላ ቀጭን መንዘርዘር።

«ይሄኛው ውሃው ነው!» አሉ በጩኸት። «ያኛው ኩሽኔታው! ከሁለት ወር በኋላ ይለወጣል! ግፊት መለኪያው ገና አላወቀም!»

ይህን ጊዜ ተረኛዋ ገባች። እትዬ ሞተርን የምትቀይር፣ ስድስት ዓመት የሠራች፣ የሁለት ልጆች እናት ናት። ተያይዘው ለአፍታ ከግቢው ወደ መንገዱ ወጡ፤ ሞተሩ እዚያ ሲሰማ እንደ ሩቅ መኪና ነው።

«ልጆችሽ ደህና ናቸው?» አለቻት ስልከኛዋ።

«እ?»

«ልጆችሽ።»

«እ? አዎ፣ ደህና።»

ሴትየዋ የምታየው ዓይኗን ሳይሆን ከንፈሯን ነው። ስልከኛዋ ይህን «እ?» ታውቀዋለች፤ በቀን መቶ ጊዜ በስልክ ትሰማዋለች፣ የግዴለሽ «እ?»ና ያልሰማ ሰው «እ?» እንደማይመሳሰሉ ጆሮዋ ይለያል። ቀና ስትል እትዬ ሞተር ትክ ብለው እያዩዋት ነበር።

«አየሻት አይደል?» አሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይጮኹ።

አመሻሹ ላይ ባሏ ዘዴውን ዘረጋ። የምርመራው መሣሪያ ድምፅ ሲልክ ትንሽ ቀይ መብራት ይበራበታል። እሱ ከመርማሪው ኋላ፣ ከእቴቴ ፊት ይቆማል። መብራቱ ሲበራ አውራ ጣቱን ያነሳል፤ እቴቴ እጇን ታነሳለች። ሞተር ቤት ውስጥ በእጅ ምልክት ሲነጋገሩ ኖረው ይሄ ያቅታቸዋል?

«እኔ ደግሞ ለጥንቃቄ አስላለሁ» አሉ ጋሼ ጎማ።

«ሳልህን የት ትሰማዋለች?» አለ ባሏ።

«እሱስ እውነትህን ነው። እንግዲያው ዝም ብዬ አምርበታለሁ።»

ሁሉም ሳቁ። እትዬ ሞተር ሻያቸውን እየጠጡ ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ክብ ክብ ያያሉ። ስልከኛዋ አንድ ልቧ ዘዴው እንዲሳካ ተመኘ፤ ሴትየዋ ቤታቸውን እንዳያጡ፣ ሳሎኗም ሳሎን ሆና እንድትቀር። ሌላው ልቧ ያንን «እ?» ይሰማል።

ሰኞ ጠዋት የውሃ መሥሪያ ቤቱ ቢሮ ውስጥ ተሰበሰቡ። መርማሪው ሻንጣ የሚያህል መሣሪያ ጠረጴዛው ላይ ከፍቷል። ሰውየው ክፉ አይመስልም፤ የቸኮለ ነው። ተረኛዋ ቀጥሎ ተራዋ ስለሆነ በር ላይ ቆማለች። ኮሪደሩ ላይ የውሃ አቤቱታ ይዘው የመጡ ሰዎች ተደርድረዋል።

መርማሪው ማዳመጫውን እትዬ ሞተር ጆሮ ላይ አደረገና በምልክት ጭምር «ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሱ» አላቸው። ቀይዋ መብራት በራች። የባሏ አውራ ጣት ብድግ አለ። እትዬ ሞተር አዩት። እጃቸው ጉልበታቸው ላይ ነው። እንደገና በራች። አውራ ጣት ብድግ። እጅ አልተነሳም። ሦስተኛ፣ አራተኛ። ባሏ በሁለት እጁ ትራፊክ ፖሊስ ሆነ። መርማሪው ዞረ።

«ወንድም፣ ምን ሆነሃል?»

«ዝንብ ነው!» ብሎ ጮኸ ባሏ፤ ኮሪደሩ ላይ ያሉት ሁሉ ዝንብ መፈለግ ጀመሩ።

እትዬ ሞተር መዳፋቸውን ዘርግተው ወደፊት ገፉ። በሞተር ቤት ቋንቋ «አቁም» ማለት ነው። የባሏ እጅ ወደ ጎኑ ወረደ፤ ይህን ምልክት ከልጅነቱ ጀምሮ ተላልፎት አያውቅም። ማዳመጫውን ከጆሮአቸው አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

«አልሰማሁም፣ ልጄ!» አሉ። «አንዱንም አልሰማሁም! ጻፈው!»

«እቴቴ! ቤቱ እኮ...»

«ቤቱን አውቀዋለሁ፣ የምኖርበት እኔ ነኝ!» ከንፈሩን አንብበው ነው የመለሱለት። «ሰማች ብሎ ከጻፈ ምን ብሎ መጻፉ ነው? ሞተሩ ሰው አያደነቁርም ብሎ ነው! ነገ ይቺ ልጅ» — በር ላይ ወደቆመችው ተረኛ ጠቆሙ — «መሸፈኛ ስትጠይቅ ‹እትዬ ሞተር ሠላሳ ዓመት ሠርታ ጆሮዋ እንደ ጥንቸል ነው› ይሏታል! የእኔን ጆሮ ምስክር አድርገው የሷን ሊበሉት! እኔ በዚህ ዕድሜዬ የሐሰት ምስክር አልሆንም!»

መርማሪው ቅጹን ሞላ፤ «አይሰሙም» የምትለዋ ሳጥን ውስጥ ምልክት አደረገ።

«ያደነቆረኝን ደግሞ ጻፍ!»

«እናቴ፣ ቦታ የለውም» አለ ቅጹን እያሳያቸው። እውነቱን ነው። ለስም ቦታ አለ፣ ለዕድሜ ቦታ አለ፣ ለማኅተም የሚበቃ ሰፊ ቦታ አለ። ለምክንያት ቦታ የለም። ቅጹን ያዘጋጀው ሰው ሞኝ አልነበረም።

«ጀርባ የለውም?» አሉ እትዬ ሞተር።

መርማሪው ወረቀቱን ገለበጠው። ነጭ ነው፤ ሙሉ ገጽ። እስክሪብቶውን ይዞ ቆመ፤ ፊቱ ላይ ሰው በእጁ ያለውን ሥራ ፈርቶ ሲቆም የሚታየው ነገር ታየ።

ስልከኛዋ መነሳቷን ያወቀችው ከተነሳች በኋላ ነው። ወደ ጠረጴዛው ሄዳ ትከሻውን ሁለቴ መታ መታ አደረገችው።

«እንዴት ልርዳዎት?» አለችው፣ በዚያ በሐሩ ድምፅ። «እጅዎ ከደከመ እኔ ልጻፍ፤ እርስዎ ፊርማ ብቻ።»

ሰውየው መሣሪያው የሳለውን መስመር አየ፣ በር ላይ የቆመችውን አየ፣ ኮሪደሩን አየ።

«የማሽን ጩኸት የበላው ጆሮ ነው» አለ ቀስ ብሎ። «መስመሩ ራሱ ይናገራል።» እስክሪብቶውን ሰጣት።

እትዬ ሞተር እየጮኹ አስጻፉ፣ ኮሪደሩ እያዳመጠ። ስንት ዓመት፣ በቀን ስንት ሰዓት፣ ስንት ጊዜ መሸፈኛ እንደተጠየቀ፣ ምን መልስ እንደተሰጠ፣ ጥጥዋ ሳትቀር። መጨረሻ ላይ «ለሚቀጥሉት ሁሉ መሸፈኛ ይሰጥ» አሉ። መርማሪው ፈረመ፤ ማኅተሙን ከፊትም ከኋላም መታው። ቀጥሎ ተረኛዋ ገብታ ተቀመጠች። የሷንም ወረቀት ሳይጠየቅ ገለበጠው።

እትዬ ሞተር በወሩ መጨረሻ ተሰናበቱ። ምን ተጠብቆ ነበር? ስልከኛዋ እሷ ራሷ «እኛ ጋ ይምጡ» ብላ ጻፈችላቸው፤ እሳቸው ግን «ከተማችሁ ውስጥ ቧንቧው ሁሉ ከመሬት በታች ነው አሉ፣ እጄን የት አሳርፋለሁ?» ብለው ወንድማቸው ቤት ገቡ። ጋሼ ጎማ በራቸው ላይ ማብሪያ አስገጠሙ። ተረኛዋም፣ ጆሮዋ ሙሉ በሙሉ ስላልሄደ፣ በሥራዋ ቆየች፤ ኩሽኔታው በሁለተኛው ወር ተለወጠ።

ሦስተኛው ወር ላይ፣ ስልከኛዋ ሥራዋ ላይ ሳለች፣ በማዳመጫዋ ጥሪ ገባ። «እንዴት ልር...» ከማለቷ ጩኸቱ ወንበሯን አስለቀቃት።

«እኔ ነኝ! ወንድሜ ነው ስምሽን ነግሮ ያስገናኘኝ! የምትዪውን አልሰማም፣ አንቺ ብቻ ስሚ! መሸፈኛው መጣ!»

ስልከኛዋ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«አንድ ነው የላኩት! አንድ! ለሦስት ፈረቃ ሠራተኛ! ደብዳቤውም ‹በየተራ ተጠቀሙበት› ይላል! ጆሮ በየተራ ነው እንዴ የሚደነቁረው?! እኔ አሁን የማንም ሠራተኛ አይደለሁም፣ የሚያባርረኝ የለም! ጥያቄውን የማቀርበው እኔ ነኝ! አንቺ እስክሪብቶሽን ይዘሽ ነይ! ይሄኛውም ደብዳቤ ጀርባ አለው፣ ገልብጬ አይቼዋለሁ!»

«እሺ፣ እትዬ!» ብላ ጮኸች ስልከኛዋ፤ በአዳራሹ ውስጥ አርባ ማዳመጫ የደፋ አርባ ራስ ዞረ።